ቆርቆሮው ሲጮህ፦ በጅማና በቡና ከተሞቿ የትምህርት ቤት ንድፍ ለምን መምህሩን ይፈልጋል?

ሰኔ ሲገባ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቀው ቅጽበት አለ። ሰማዩ ይጠቁራል፤ ጥቂት ሳይቆይ ዝናቡ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። የመምህሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ትምህርቱ ይቋረጣል፤ አለዚያም ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ተማሪው በዝምታ ይገለብጣል። በአካባቢው ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ፣ የትምህርት ዘመኑ ሰፊ ክፍል ከዚህ ድምፅ ጋር እየታገለ ያልፋል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚሰጠውም በዚሁ በሰኔ ወር ነው።

ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፤ ጩኸቱ ግን የንድፍ ውጤት ነው። ጣሪያው በባዶ ቆርቆሮ እንዲቀር፣ መስኮቱ በዚያ ልክ እንዲሆን፣ በረንዳው እንዲጠብ የወሰነ ሰው አለ። ያ ውሳኔ በሚወሰንበት ጊዜ ግን በሰኔ ከሰዓት በኋላ የሚያስተምረው መምህር በአብዛኛው በቦታው አይገኝም። በሙያው የሠለጠነው አርክቴክትም ቢሆን በብዙ ቦታዎች ከሩቅ ሆኖ ንድፍ ከመላክ ያለፈ ድርሻ የለውም። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰቃ ጨቆርሳ አካባቢ ትምህርት ቤቶች በሚገነቡበትና በሚስፋፉበት በዚህ ወቅት፣ የሁለቱን ባለሙያዎች አለመገናኘት እንደ ጥቃቅን ጉድለት ማየት አይቻልም።

የግንባታው ማዕበል

የትምህርት መዋቅሩ በቅርብ ዓመታት በእጅጉ ተለውጧል። ቀድሞ እስከ 8ኛ ክፍል አንድ ላይ ይቆጠር የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ፣ አሁን 6 ዓመት የአንደኛ ደረጃ እና 2 ዓመት የመካከለኛ ደረጃ ተብሎ ተከፍሏል፤ ከዚያ በኋላ 4 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይከተላል። ቅድመ አንደኛ ደረጃ የሥርዓቱ አካል ሆኗል። በኦሮሚያ ክልል «ቡኡረ ቦሩ» በሚል ስያሜ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች፣ «ኢፈ ቦሩ» በሚል ስያሜ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተገንብተዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ባስጀመረው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት እየተሳተፈ ነው። ሚኒስቴሩ አብዛኞቹ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከተቀመጠው ደረጃ በታች መሆናቸውን በተደጋጋሚ መግለጹ የንቅናቄውን አስፈላጊነት ያሳያል።

በቡና አብቃይ ወረዳዎች ይህ መዋጮ የራሱ ትርጉም አለው። ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ነው። ከዚያ ገንዘብ ላይ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ብር ከዓመት ቀለቡ፣ ከልጁ ልብስና ከማዳበሪያው ላይ የተቀነሰ ነው። አንድ ብሎክ ከተገነባ በኋላ ለአሠርት ዓመታት ይቆማል፤ በስሕተት ከተሠራም ስሕተቱ የዚያኑ ያህል ዕድሜ ይኖረዋል። ስለዚህ የንድፉ ጥያቄ የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ገበሬው ያዋጣው ብር ትምህርት ይገዛለት እንደሆነ ወይም ግድግዳ ብቻ ይገዛለት እንደሆነ የሚወስን ጥያቄ ነው።

የመደበኛ ንድፍ በጎነትና ወሰን

ትምህርት ቤቶችን በአንድ መደበኛ ንድፍ የመገንባት ልማድ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአገሪቱን የግንባታ ባለሙያዎች ማፍራት ጀመረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በሁለቱ አገሮች ትብብር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታን የሚመራ ክፍል ተደራጀ። በዚህ አሠራር መንግሥትና ለጋሹ ከአንድ ወገን፣ የአካባቢው ሕዝብ ከሌላ ወገን ወጪውን እየተጋሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎችን ሠርተዋል። ዛሬ «ኅብረተሰቡ ያዋጣ፣ መንግሥት ያግዝ» የሚለው አሠራር ሥር የሰደደው ከእነዚያ ዓመታት ጀምሮ ነው።

መደበኛ ንድፍ በጎ ጎኑ ብዙ ነው። ወጪው አስቀድሞ ይታወቃል፤ የወረዳው መሐንዲስ ይቈጣጠረዋል፤ ግንበኛውና አናጢው ደጋግመው ስለሠሩት አይስቱትም። አርክቴክት በየወረዳው በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወሰኑ የሚታየው ንድፉ በየትኛውም ቦታ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ለደረቅ ቆላ የተሠራው ክፍል ዝናብ ለሚበዛበት ጅማ፣ ለጅማ የሚስማማውም ለቦረና አይሆንም። ለ12 ዓመት ልጅ የተለካው መስኮትና አግዳሚ በ«ኦ» ክፍል ለሚቀመጠው የ6 ዓመት ሕፃን አይመጥንም። በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ እንዲማር የተቀመጠው መለኪያ በብዙ ቦታ በሚጣስበት ሁኔታ፣ በቡድን ተቀምጦ መወያየትን የሚጠይቀው ሥርዓተ ትምህርት ከወለሉ ጋር በተያያዙና አንዱ ከሌላው ጀርባ በተደረደሩ ዴስኮች መካከል ቦታ ያጣል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት አለ፤ ሥዕሉ የሚሰቀልበት ግድግዳ፣ ልጆቹ የሚንቀሳቀሱበት ወለል ግን በንድፉ ላይ ላይኖር ይችላል። በክልሉ የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ ወጥ ቤትና የመመገቢያ ጥላ ይፈልጋል፤ ካልታሰበበት ግን ጭሱ ወደ መማሪያ ክፍል ይገባል።

ሁለቱ ባለሙያዎች የሚያውቁት

መምህሩ የሚያውቀውን አርክቴክቱ በንድፍ ሰሌዳው ላይ አያገኘውም። ሰሌዳው በየትኛው ሰዓት ብርሃን አንጸባርቆ ከጎን የተቀመጠው ልጅ እንደማያነብ የሚያውቀው መምህሩ ነው። ሴት ተማሪዎች ከ6ኛ ክፍል በኋላ በየወሩ ለጥቂት ቀናት የሚቀሩት መጸዳጃው ከወንዶቹ ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ በሩ ስለማይዘጋ ወይም ውኃ ስለሌለው መሆኑን የምታውቀው መምህርቷ ናት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ልጅ የትኛው ደረጃ ላይ ሰው እንደሚጠብቅ የሚያየው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ በጭቃ የተበላ መወጣጫ ግን ሕጉን በወረቀት ላይ ብቻ ያስቀረዋል።

አርክቴክቱም በበኩሉ መምህሩ የማያየውን ያያል። ሕንፃው ርዝመቱን በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ ይዞ መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢከፈቱ፣ የጧትና የማታ ፀሐይ በቀጥታ ወደ ተማሪው ዓይን አትገባም። የጣሪያው ጠርዝ ቢረዝም ዝናቡ ግድግዳውን አይመታም፤ መስኮቱም ሳይዘጋ አየር ይገባል። አሸንዳ ተገጥሞ ውኃው ወደ ሮቶ ቢመራ የመጸዳጃው የውኃ ችግር በከፊል ይቃለላል። በቆርቆሮው ሥር የሚዘረጋ የቀርከሃ ምንጣፍ እንኳ ድምፁን ፈጽሞ ባያጠፋውም ይቀንሰዋል።

ከባዱ ነገር ምርጫው ነው። ለ4 ክፍሎች ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ኮሚቴ 4ቱን ያለ ኮርኒስ ይሥራ ወይስ 3ቱን ከነኮርኒሱ? በአንድ ክፍል 80 ልጅ የሚቀመጥ ከሆነ አራተኛው ክፍል ሊቀድም ይችላል፤ ነገር ግን ኮርኒሱ ኋላ እንዲገጠም ተሸካሚው እንጨት ከወዲሁ ሊዘጋጅ ይገባል። የተማሪው ቍጥር ባልበዛበት ቀበሌ ደግሞ መልሱ ሌላ ነው። ይህን ጥያቄ መሐንዲሱ ብቻውን፣ መምህሩም ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። አንዱ ዋጋውን፣ ሌላው ትምህርቱን ያውቃል፤ ትክክለኛው ውሳኔ የሚገኘው ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ነው።

ሦስተኛው አዋቂ ገበሬው ነው። በአካባቢው ለግንባታ የሚመቸው ደረቅ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ሲሆን፣ የቡና ለቀማውም በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይካሄዳል። ድንጋይ የሚሸከመውና ቡና የሚለቅመው እጅ አንድ ነው። ይህን ያላገናዘበ የሥራ መርሐ ግብር ጉልበት ባለበት ወር ገንዘብ፣ ገንዘብ ባለበት ወር ጉልበት ያጣል፤ በመጨረሻም ጣሪያ ያልለበሰ ግድግዳ የመጋቢትን ዝናብ ይቀበላል።

ከሌላው ዓለም

የአርክቴክትና የመምህር ትብብር በሌላው ዓለም የተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ቺካጎ አቅራቢያ በምትገኘው ዊኔትካ ከተማ የተከፈተው ክሮው አይላንድ ትምህርት ቤት ዘወትር በምሳሌነት ይጠቀሳል። የከተማዋ የትምህርት ኃላፊ ካርልተን ዋሽበርን የማስተማር ዘዴያቸውን የሚያስተናግድ ሕንፃ ፈለጉ። ከአርክቴክቶቹ አንዱ ላውረንስ ፐርኪንስ ንድፉ ከመሠራቱ በፊት በክፍሎች ውስጥ ተቀምጦ መምህራንና ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ተመለከተ፤ መምህራኑም ምኞታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ውጤቱ የበር እጀታውና የመብራት ማብሪያው በልጅ ቁመት የተገጠመበት፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የሥራ ጥግ፣ መጸዳጃና አነስተኛ ቅጥር ያለው ትምህርት ቤት ሆነ።

ያ የሀብታም አገር ታሪክ ነው ለሚል፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በጋንዶ መንደር የተሠራው ትምህርት ቤት አለ። ፍራንሲስ ኬሬ በልጅነቱ የተማረበትን የተጨናነቀና የሚያቃጥል ክፍል አልረሳም፤ በርሊን የአርክቴክቸር ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ፣ የመንደሩን ሰዎች አስተባብሮ በሸክላ አፈር ጡብ ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አስጨረሰ። ቆርቆሮውን ከጡብ ኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ አደረገ። ሥራው በ2004 የአጋ ካን ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማትን የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ጋንዶን ወስዶ አጋሮ ላይ መትከል ግን ትርጉም የለውም፤ እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው፣ እዚህ የዝናብ ጩኸትና እርጥበት ነው። ሊወሰድ የሚገባው «በዚህ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ ምን ይቸገራል?» የሚለው የመነሻ ጥያቄ ነው።

ጅማ በእጇ ያለው

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ጅማ ከብዙ ከተሞች የተሻለ አቅም አላት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የተመሠረተ ሲሆን፣ መለያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ከተሞችና ወደ ቀበሌዎች እየወጡ የሕዝቡን ችግር ማጥናታቸው የቆየ ልማድ ነው። በአንድ ተቋም ሥር አርክቴክቸርም ሥነ ትምህርትም ይሰጣል፤ በከተማዋም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። የአርክቴክቸር ተማሪና ዕጩ መምህር አንድ ላይ ሆነው በአንድ የቀበሌ ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ቢቀመጡ፣ ሁለቱም ከመጽሐፍ የማያገኙትን ይማራሉ፤ ትምህርት ቤቱም ያለ ክፍያ ጥናት ያገኛል።

አካባቢው የራሱ የግንባታ ዕውቀትም አለው። በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰፋፊ በረንዳዎቹና የእንጨት ሥራው፣ የጅማ ሰው ከዝናብና ከፀሐይ ጋር እንዴት ይኖር እንደነበር ይመሰክራል። ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት አይሆንም፤ ነገር ግን በረንዳ ለዝናብ አገር ቅንጦት አለመሆኑን ያስተምራል። ዝናብ ሲጥል ልጆች የሚያርፉበት፣ የሚያነቡበትና ቡድን የሚሠሩበት ሁለተኛ ክፍል እርሱ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ስጋቶች ቀላል አይደሉም። ምክክር ጊዜ ይወስዳል፤ በጀት ደግሞ ከሰኔ 30 በኋላ አይጠብቅም። ዛሬ ሐሳብ የሰጠው መምህር ነገ ይዛወራል። ምኞት ሲበዛ ወጪ ይንራል። ስለዚህ መደበኛውን ንድፍ መጣል ሳይሆን መክፈት የተሻለ ይመስላል። መሠረቱ፣ ተሸካሚውና የጣሪያው መዋቅር ባለበት ይጸናል፤ አቅጣጫው፣ በረንዳው፣ መስኮቱ፣ ኮርኒሱ፣ የመጸዳጃውና የወጥ ቤቱ ቦታ ግን በየትምህርት ቤቱ እንዲወሰን ይተዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራን፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ እና የንድፍ ባለሙያው በቦታው ተገኝተው የሚያደርጉት የጥቂት ቀናት ምክክር ነው። የተወሰነው በቃለ ጉባኤ ከተያዘ መምህሩ ቢዛወርም ዕውቀቱ ይቀራል።

ሁለተኛው እርምጃ መመለስ ነው። ሕንፃ ተመርቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ንድፉን የሠራው ባለሙያ ዳግመኛ አይታይም። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ተመልሶ፣ ዝናብ እየዘነበ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያዳምጥ፣ የሚቀጥለው ንድፍ ከየትኛውም መመሪያ በላይ ይሻሻላል። ወጪውም የአንድ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በወረቀት ላይ ያለ መስመር በላጲስ ይጠፋል፤ የቆመ ግድግዳ ግን በመዶሻ ነው የሚፈርሰው፤ እርሱም የገበሬው የቡና ገንዘብ ነው። በመጪው ደረቅ ወቅት በቡና ከተሞቹ ድንጋይ መቆለል ከመጀመሩ በፊት፣ መምህሩና አርክቴክቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ዝናቡን አብረው ማድመጥ ይኖርባቸዋል።