ማኅተሙን ሳታዩ ሒሳብ አትክፈሉ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጻሕፍት አውደ ርዕይ አለ በተባለ ቁጥር ከመካከላችን በዚያ ውርጭ ማልዶ ተነሥቶ መናኸሪያ የሚገኝ አይጠፋም። ይበል ያሰኛል። ግን ስንመለስ ምን ይዘን ነው የምንመለሰው? አንዱ ፎቶ ተነሥቶ ይመጣል፤ ሌላው የማያነበውን ተሸክሞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ባለፈው ዓመት የሰው ንብረት ይዤ መጣሁ። አትደንግጡ፣ እደርስበታለሁ።

በመጀመሪያ፣ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡበት ስትሄዱ የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ዝርዝር የሌለው ሰው በመጀመሪያው ጠረጴዛ ብሩን ጨርሶ በሦስተኛው ላይ የሚፈልገውን ሲያገኝ ይቆጨዋል። አንዱን ዙር ባዶ እጃችሁን ዙሩ፤ ግዢው በሁለተኛው ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሽፋን አያታላችሁ። የርዕሱን ገጽ ገልብጡና ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደታተመ እዩ። ለምሳሌ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ኋላ በድጋሚ ስለታተመ ለማንበብ ያ ይበቃል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የ1975ቱን ነው። ታዲያ ሻጩ «የመጀመሪያው ነው» ስላለ ብቻ አትመኑት። የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1908 መሆኑ ነው። ይህን ያላወቀ ሁለት እትም ይመስለዋል።

ሦስተኛ፣ ከተማችንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጻሕፍት የሚታወቁ ንጉሥ ናቸው፤ በአካባቢያችን አብያተ ክርስቲያናትም ብራና አለ። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የብራና መጽሐፍ ካያችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ከየት መጣ?» በሉ። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣቱም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የ1950ዎቹን «መነን» መጽሔት አንድ ጥራዝ አገኘሁ። በዓሉ ግርማ በአንድ ወቅት በአዘጋጅነት የሠራበት መጽሔት! ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከዚህ በላይ ምን አለ? ሻጩ አዛውንት ናቸው። «ተማሪ ስለሆንክ ነው ልጄ» ብለው ወደ 600 ብር አወረዱልኝ። የወር የኪስ ገንዘቤ ነበር፤ ከፈልኩ። መኪና ውስጥ ገልጬ ሳየው የመጀመሪያው ገጽ ተቀዷል። ወደ ውስጥ ስዘልቅ ግን አንድ ገጽ ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ እዚያው አዲስ አበባ ያለ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም። ገጹን የቀደደው ሰው እሷን አላያትም ማለት ነው። ሸኖ ሳንደርስ ደስታዬ ሁሉ ጠፋ።

እውነቱን ልናገር፣ ለሦስት ሳምንት ደበቅኩት። «እኔ አልሰረቅኩም፤ እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እዚሁ ክፍላችን ውስጥ ደግሞ «የድሮ መጽሔት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም» ብሎ ከሚያማርረው ሁሉ ድምፄ የሚጎላው እኔ ነኝ። እንዴት ይገኝ? እኛው እየገዛነው!

ማኅተም ያለበት ሁሉ የተሰረቀ ነው አልልም። ቤተ መጻሕፍት ራሱ ከአገልግሎት ያወጣው ይኖራል፤ እንዲያ ከሆነ ግን መሰረዙን የሚያሳይ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ማኅተሙ ከተፋቀ፣ ገጹ ከተቀደደ ግን መጠርጠር ነው። ሻጩንም ሌባ አልላቸውም፤ እሳቸውም ከሌላ ገዝተው ይሆናል። ይሁን እንጂ ገዢ ያለበት ገበያ ሌባ አያጣም።

በመጨረሻ ወስጄ መለስኩት። የተቀበሉኝ ሠራተኛ መዝገብ አገላብጠው «ይሄን እኮ ተስፋ ቆርጠንበት ነበር» አሉኝ። ብሬ አልተመለሰም፤ የሸለመኝም የለም። ግን አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ገብቼ ላነበው እችላለሁ፤ እናንተም ትችላላችሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ቢቀር ኖሮ አንባቢው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናም ሂዱ፣ ዙሩ፣ ገልብጡ፣ ተከራከሩ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን «ይሄ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ሙያችን አይደል እንዴ?

ቸር እንሰንብት!