ነፍስ ያለው ገመድ

ፈረንሳይ አገር የሚኖር ልጅ ቡሬ አጠገብ ቤት ለሚያሠሩት እናቱ አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ገመድ ይልካል እንበል። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። ፍኖተ ሰላም የሚማረው የልጅ ልጅ በስልኩ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጥና ለአያቱ ያነብላቸዋል፤ «የመዳብ ነፍስ፣ 3 ሾፌር፣ ከአፈር ጋር»። «ነፍስ ያለው ገመድ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ስልኩ አልዋሸም። «አም» በፈረንሳይኛ ነፍስ ነው። በገመድ ሥራ ግን ኮረንቲ የሚያልፍበት ባዶ መዳብ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ኮንዳክተር ይለዋል። የፈረንሳይኛው «ኮንዲክተር» ደግሞ መንገድ ላይ ሾፌር ነው፤ ገመድ ውስጥ ግን ፕላስቲክ የለበሰው አንዱ ሽቦ፣ በእንግሊዝኛ ኮር የሚባለው ነው። የለመደ ተርጓሚም እዚህ ይሰናከላል። (አምፖል የምንለውም ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እሱ እንኳ አላስቸገረንም።)

እስከዚህ ያስቃል። «ከአፈር ጋር» የሚለው ግን አያስቅም። ገመዱ አፈር ውስጥ ይቀበራል ማለት አይደለም፤ ባለሙያዎቻችን ኧርዝ የሚሉት አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አለው ማለት ነው። የምጣዱ ብረት ኮረንቲ ቢይዝ በሰው አካል ፈንታ በዚያ ሽቦ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለት ሽቦ ብቻ የለመደ ሰው ግን ሦስተኛውን ትርፍ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ምጣዱን ማን እንደሚነካው ታውቃላችሁ፤ ዳዴ የሚለው ሕፃንም አጠገቡ ነው።

ኮማም አለች። ፈረንሳዮች እኛ ነጥብ በምናደርግበት ቦታ ኮማ ይጽፋሉ፤ 2,5 ማለት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ስትገለበጥ ከጠፋች 25 ይሆናል። 3.5 ኪሎዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ ለመብራት ከሚዘረጋው 1.5 ጋር ማገናኘት ቤትን ለእሳት መስጠት ነው።

በ1906 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃዎቹን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ያወጣል፤ ስለዚህ የሙያው ቃላት አቻቸው የታወቀ ነው፣ መገመት አያስፈልግም። ልጁን አትቆጡት፤ ይልቅ ገመዱ ልብስ ላይ የታተመውን ፎቶ ያንሳ። በቁጥሮቹ መካከል በፈረንጅ ፊደል «ጂ» ካለ፣ ለምሳሌ 3 ጂ 2,5፣ የኧርዝ ሽቦ አለው። በጂ ፈንታ «ኤክስ» ከሆነ የለውም። ፎቶውን ኤሌክትሪሻኑ ግድግዳ ሳይቦረቡር በፊት ያሳዩት።