ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት

በ2002 ዓ.ም. በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተካሄደው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ጥፋቱን በመምህሩ ላይ መጫን ይቀናናል። ነገር ግን ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ቤቱ የሰማውን ቃል ይዞ ነው። ታሪክ እየተነበበለት ያደገ ሕፃን በዕለት ተዕለት ወሬ የማያገኛቸውን ቃላት ይሰማል፤ መጽሐፍ ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደሚገለጥ ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ ንባብን ከቅጣትና ከፈተና ሳይሆን ከወላጁ ጭን ጋር ያያይዘዋል። የባሌዎቹን ከተሞች የሮቤንና የጎባን ወላጆች ከእራት በኋላ ለልጆቻቸው የሚያነቡበት ሩብ ሰዓት የምለምነው ለዚህ ነው።

በስንዴ አጨዳ ደክሞ የሚገባ፣ ፊደልም ያልቆጠረ የባሌ ገበሬ እንዴት ያንብብ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ታላቅ ልጁ ለታናሹ ሲያነብ አጠገባቸው ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ስለ ሥዕሉ መጠየቅ፣ ተረት መንገር አያቅተውም። ቋንቋውም የቤቱ ይሁን፤ አፋን ኦሮሞ የሚያወራን ሕፃን ለዘመናዊነት ሲባል በእንግሊዝኛ መጽሐፍ መጀመር ትርጉሙን ይነጥቀዋል። መጽሐፍ የማግኘቱ ሸክም ግን በወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲውና የከተማ አስተዳደሮቹ ተባብረው የሕፃናት መጻሕፍትን በየቀበሌው በሰፊው ቢያውሱ፣ ከወላጅ የሚጠየቀው ጊዜ ብቻ ይሆናል።