ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት ሳይክሏን ገልብጧት

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህቺ የአያቴ ሳይክል ስንት ታወጣለች?» ከጥያቄው ጋር አንድ ፎቶ ይላካል። ግድግዳ የተደገፈች፣ አቧራ የጠጣች፣ ጎማዋ የተኛ ሳይክል። ከ2016 ወዲህ ፒያሳና ዙሪያዋ ሲፈርስ ሰዉ ቆጥ ላይና ጓሮ የረሳውን ሁሉ አወጣ። እኛም አፍንጮ በር ያለነው «ተረኛው ማን ይሆን» እያልን ዕቃ መቀነስ ጀምረናል።

ሁለት ዓይነት ሰው እያየሁ ነው። አንዱ «ይቺ ብረት ቦታ ያዘችብኝ» ብሎ ለቆራሌ በኪሎ ይሰጣታል። ሌላው አንዲት የጣሊያን ሳይክል በብዙ ሺህ ዩሮ ተሸጠች የሚል ነገር ስልኩ ላይ ያይና የሱን ፊኒክስ «አንቲክ ናት» ብሎ የመኪና ዋጋ ይጠራባታል። እኔ የሁለቱም ችግር አንድ ነው ባይ ነኝ፤ ሳይክሏን አላዩዋትም። አንዱ ዝገቷን አየ፣ አንዱ ዕድሜዋን። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ ቢሆን የሰፈራችን የቀበሌ ቤት ቆርቆሮ ሁሉ ወርቅ በሆነ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ጥሩ የድሮ የእሽቅድድም ሳይክል 10 ኪሎ ግድም ናት። ያቺ ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራው የቻይና ፊኒክስ ወደ 20 ኪሎ ትጠጋለች። ቆራሌ በኪሎ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ሚዛን ላይ ስትወጣ ምርጧ ሳይክል የተራዋን ግማሽ ታወጣለች ማለት ነው። በቆራሌው አልፈርድም፣ እሱ የሚሸጠው ብረት ነው። ባለቤቱ ግን ምን እንደያዘ ማወቅ ነበረበት።

ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ያዙና ቸርኬው ላይ አስጠጉት። ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው፣ ያኔ ቀጥሉ። የመቀመጫውን ዘንግ ንቀሉት። እታችኛው ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተመቶበታል። 27.2 ሚሊሜትር ካለ ቴላዮው የተሠራበት ቱቦ ስስና ጥሩ ብረት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። 25.4 ወይም 26 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ወፍራምና ርካሽ ነው። ከዚያ ሳይክሏን ገልብጡና የኋላው ጎማ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ፦ ከላሜራ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ነገር ነው ወይስ ወፈር ያለ፣ ስም የተቀረጸበት? ካምፓኞሎ የሚል ካገኛችሁ ተነሱና እጃችሁን ታጠቡ፣ ሳይክሏን በንጹሕ እጅ ያዟት። ቴላዮው ላይ ኮሎምበስ ወይም ሬይኖልድስ 531 የሚል ቅሪት ካለ ደግሞ በቤንዚን እንዳትፈትጉት አደራ።

ትልቁ የቢያንኪ ስም ብቻውን አያታልላችሁ። ቢያንኪ ከ1885 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሻምፒዮን ሳይክልም ሠርቷል፣ ሰው ዳቦ ሊገዛ የሚሄድበትንም ሠርቷል። ስሙ ግን አንድ ነው።

የቤተሰብ ታሪክም መጣራት አለበት። «አያቴ ከጣሊያን ወታደር የማረካት ናት» የሚል ሳይክል ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ጣሊያን የመጣው በታንክ ሳይሆን በሳይክል ነበር። አንዷን አየኋት፣ የኋላ ማርሿ ካምፓኞሎ ነው፣ እላዩ ላይ ፓተንት ይልና 74 የሚል ቁጥር ይከተላል። ያ ቁጥር ዓመት ነው፤ 1974፣ በኛ የአብዮቱ ሰሞን። ማርሹ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ እሺ። ግን እንዲህ በሽቦ እየተሳበ የሚታጠፍ የካምፓኞሎ ማርሽ ራሱ ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ መግቢያ ነው፣ ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ። ልጅየው ይህን ስነግረው ቅር አለው። እኔ ግን ሳይክሏ አልተዋረደችም አልኩት። ከምርኮ ይልቅ በሰላም የተገዛች ጥሩ ማርሽ ያላት ሳይክል ትሻለኛለች። ለነገሩ የጣሊያን አሻራ የሚፈልግ ካለ ምላሳችን ላይ አለ፤ ካቴና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪ። የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።

ዋጋ የሚገድለው ምንድን ነው? አንደኛ አዲስ ቀለም። «አሳምሬ ልሽጣት» ብሎ የበር ቀለም የሚቀባ ሰው የገዢውን ገንዘብ በገዛ ብሩሹ እየቀባው ነው። የተላጠው የፋብሪካ ቀለም ይበልጣል። ሌላው የግጭት ምልክት ነው። መሪው ሥር ያሉትን ሁለት ቱቦዎች ከታች በኩል በጣታችሁ ዳስሱ። እብጠት ወይም መጨማደድ ካለ ሳይክሏ ከፊት ተላትማለች፣ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ያለፈ ተስፋ የላትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ሜልቦርን ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ሩጫውን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፣ ብስክሌቱን የሚያነሳው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከዚያ በኋላም በየከተማው የተወዳደሩ ሰዎች ነበሩ፣ ሳይክላቸውም የሆነ ቤት ቆጥ ላይ አለ። አያታችሁ ተወዳዳሪ ከነበሩ ፎቶውን፣ የደረት ቁጥሩን፣ የምስክር ወረቀቱን ከሳይክሏ እንዳትነጥሉ። ወረቀቱ ለአንዱ፣ ብረቱ ለሌላው ከሄደ ሁለቱም ይረክሳሉ። ብረቷ ተራ ብትሆን እንኳ ይህ ታሪክ ያላትን ሳይክል ከየትኛውም ውድ ካምፓኞሎ አስበልጣለሁ።

ለተቀራችሁት ሐቁን ልንገራችሁ፤ አብዛኞቹ የላካችሁልኝ ሳይክሎች አንቲክ አይደሉም። ኩሽኔታቸው ግሪስ፣ ጎማቸው ካላማዳሪ ይፈልጋል፣ ከዚያ ይነዳሉ። ከተማው ለብስክሌት መንገድ እየሠራ ነው፣ የኛን ዳገት ባይችሉትም ቁልቁለቱን ይችሉታል። ውጭ ልሸጥ የሚል ካለ የጭነቱን ዋጋ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ፎቶ ስትልኩልኝ በካቴናው በኩል አንሱት። የማርሹን ጽሑፍና የኋላ ጎማ ማሰሪያውን ቀረብ አድርጋችሁ ጨምሩ። ከቆራሌው ጋር የተስማማችሁም ካላችሁ እስከ ቅዳሜ አስታግሱት።