ቀዩን ኖዝል ከካርቶኑ አውጥታችሁ ደብቁት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዛብኝ። «መምህር፣ መኪናዬን እቤት ለማጠብ ስንት ባር ያለው ማሽን ልግዛ?» አንዱ 100 ይላል፣ አንዱ 150። አንዱ ደግሞ ሻጩ «ይሄኛው ሲሚንቶ ሁሉ ይፍቃል» ስላለው ደስ ብሎት ፎቶውን ልኮልኛል። ሲሚንቶ የሚፍቅ ነገር የመኪና ቀለም ላይ ምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።

ስለ ኖዝሉም የጠየቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ከማሽኑ በፊት እሱን ነው የምጠይቀው። የመኪናችሁን ቀለም የሚያተርፈውም የሚያበላሸውም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ባር ብቻ አይደለም። ጫፉ ላይ የምትሰኳት፣ ጣት የማታህል ብረት ናት ዋናዋ።

ከብዙዎቹ ማሽኖች ጋር ባለ ቀለም ጫፎች ይመጣሉ። ቀዩ 0 ዲግሪ ነው፤ ውሃው ሳይበተን እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ ደግሞ 40 ዲግሪ ተከፍቶ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ጥቁሩ የሳሙና ነው፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ግፊቱ ይወርዳል፣ ማሽኑ ሳሙና መሳብ የሚችለውም ያኔ ነው።

አሁን ከመኪናው በር 30 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ቆማችኋል እንበል። ነጩ በሩ ላይ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ መስመር ይመታል። አረንጓዴው 13፣ ቢጫው 8። ቀዩ ግን ነጥብ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ጉልበት በሁሉም ያው ነው። አንድን ነገር በጣታችሁ ስትገፉትና በዚያው ጉልበት በመርፌ ስትገፉት ያለውን ልዩነት አስቡ፣ በቃ እሱ ነው። ርቀቱም እኩል ይወስናል። 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከተጠጋችሁ የነጩም ስፋት ወደ 11 ይወርዳል፤ ስለዚህ «ነጭ ነው የሰካሁት» ብሎ ጫፉን ቀለሙ ላይ መደቀን ዋስትና አይሆንም።

ለምን እንዲህ እንደማከርረው ልንገራችሁ። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ቢሆንም በምድጃ የተጋገረ፣ ከብረቱ ጋር በደንብ የተያያዘ ቀለም ነው። እኛ ከተማ ግን ስንቱ መኪና ነው የፋብሪካ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ይዞ የሚሄደው? ፓራፋንጎው ተጋጭቶ ባትላሜራ ጋ ገብቷል፣ ስቱኮ ተለቅልቋል፣ ከላይ ተቀብቷል። ያ ቀለም የሚይዘው የቀባው ሰው ከሥሩ በደንብ ካሸው ነው። ጠጠር የነካት ትንሽ ጭረት ካለችና ቀጭን ውሃ በጎን ከገባባት፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ባለፈው ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የላከልኝ ፎቶ ይሄው ነበር። ከኋላ በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀለም ተነስቶ ስቱኮው ፈጦ ይታያል። ማሽኑ 110 ባር ነው፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም። የተሰካበት ቢጫው ነበር፣ ያውም ከቅርብ።

ቪትዝም ትሁን ኮሮላ፣ ብዙዎቻችን ቤት መኪና የምንነዳው ዕቃ ብቻ አይደለም። የቸገረ ቀን የሚሸጥ ሀብት ነው። ገዢ ደግሞ ኮፈኑን ሳይከፍት መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው።

«ቀጭኑ ውሃ ይቆጥባል» የሚሉኝም አሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ እያንኳኩ ምን ያህል ቀረ በሚባልበት ቤት፣ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም። የእነዚህ ማሽኖች ፓምፕ በዞረ ቁጥር የሚገፋው ውሃ የተወሰነ ነው። የቀዳዳቸው መጠን እኩል እስከሆነ ድረስ፣ በደቂቃ 6 ሊትር የሚሰጥ ማሽን ቀይም ሰካችሁ ነጭ ያንኑ 6 ሊትር ገደማ ይተፋል። 10 ደቂቃ ከያዛችሁት 60 ሊትር፣ ማለትም 3 ጀሪካን ነው። በነጩ አንድ በር በጥቂት ምልልስ ያልቃል። በቀዩ ግን እንደ እስክሪብቶ መስመር በመስመር እየጻፋችሁ ነው የምትጨርሱት፣ ውሃው ደግሞ እየፈሰሰ ነው። መቆጠብ የፈለገ ሰው ሳሙና በሚቀባበት ሰዓት ምላጩን ይልቀቅ።

ታዲያ ሰው ለምን ወደ ቀዩ ይሮጣል? «ነጩ ምንም አይሠራም» ስለሚል። እዚህ ጋ ትንሽ ስሌት ታገሡኝ፤ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ለምዳችሁታል። ኖዝሉ ላይ እንደ 40025 ያለ ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ። 40 ዲግሪው ነው። 025 ደግሞ የቀዳዳው ቁጥር 2.5 ነው ማለት ነው። ሚሊ ሜትር እንዳይመስላችሁ፤ በ4000 ፒኤስአይ ግፊት በደቂቃ 2.5 ጋሎን ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ማለት ነው። ለቤት የሚሸጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ማሽን በ100 ባር በደቂቃ 5.5 ሊትር ገደማ ቢሰጥ፣ ለእሱ የሚስማማው ይኸው 2.5 ነው። 3.0 ብትሰኩበት ግፊቱ ወደ 64 ባር ይወርዳል። 4.0 ብትሰኩበት ወደ 36። ለብቻቸው ተፈትተው ከሚሸጡት ጫፎች መካከል ደግሞ 3.0ና 4.0 ሞልተዋል። ሰውየው ቀለሙን አይቶ ይገዛል፣ ቁጥሩን አያይም፤ እቤት ሲሰካው ውሃው ይልፈሰፈሳል፣ «ነጩ ለመኪና አይሆንም» ይላል፣ ከዚያ ቀዩን ያነሳል። ነጩ ምን አጠፋ? ቁጥሩ ነው የተሳሳተው።

ወደ ታች መሳሳትም አለ። ቀዳዳው ለማሽኑ ከጠበበ ግፊቱ ይንራል፣ ያልወጣው ውሃ በማለፊያው ወደ ፓምፑ እየተመለሰ ይሞቃል፣ ጎሚኒዎቹ ቶሎ ይሞታሉ። ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ድንገት ውሃው አንድ ጎን ብቻ የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ኖዝሉን አትቀይሩ፤ ከሮቶ ሥር የመጣ ደለል ነው። ማሽኑን አጥፉና ግፊቱን አስለቅቁ፣ ጫፉን ንቀሉና በቀጭን ሽቦ ጥረጉት። የውሃ መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም በዚያው እዩአት፣ ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም።

ከቀለሙ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ማሽኑን የሚገዛው ባለመኪናው ነው። የሚያጥበው ግን ብዙ ጊዜ የግቢው ጥበቃ ነው፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የሚል የሰፈር ልጅ። በነጠላ ጫማ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፣ ያነበበለትም የለም። ቅርብ ከሆነ የ0 ዲግሪ ውሃ ቆዳ ይበሳል። ከላይ ሲያዩት ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ ግን ውሃው ቆሻሻውን ይዞ በሥጋና በጅማት መሀል ገብቷል። ይሄ አልኮል ጠርጎ ፕላስተር ለጥፎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ባይደማም፣ ብዙ ባያመውም፣ ወዲያው ሆስፒታል መሄድና «የከፍተኛ ግፊት ውሃ ነው የመታኝ» ብሎ መናገር አለበት። ጭቃ ለማራገፍ ብሎ የገዛ እግሩ ላይ የሚረጭ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ደግነቱ የተሰካው ነጩ ነበር።

ደብቁት ያልኩት ለዚህ ነው። ማሽኑን ለሌላ ሰው እጅ ስትሰጡ ነጩን፣ አረንጓዴውንና ጥቁሩን ብቻ ስጡ። ቀዩና ቢጫው፣ እየተሽከረከረ የሚመታው ቱርቦ የሚሉትም ጭምር፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ ይግቡ። ጫፉ ሲሰካ ቀጭ ማለቱን፣ ሳብ ተደርጎ አለመውጣቱን አሳዩት፤ በደንብ ያልገባ ጫፍ ምላጩ ሲሳብ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ቦት ጫማም ግዙለት፣ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

«አረንጓዴው ለቀለሙም ይሆናል» የሚሉ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። ልክ ናቸው። ከ60 ሳንቲ ሜትር ላይ አረንጓዴው ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ማለትም ከ30 ላይ ካለው ነጭ ይሻላል። ግን ያ ርቀቱን የማይስት እጅ ላላቸው ነው። ደክሞት፣ ፀሐይ መትቶት፣ ሳያስበው እየተጠጋ ለሚሄድ ሰው ነጩን ነው የምመርጠው።

የሐምሌ ጭቃስ? ጭቃን የሚያስለቅቀው ጊዜና ሳሙና ነው። በነጩ በደንብ አርጥቡት፣ 5 ደቂቃ ተዉት፣ በጥቁሩ ሳሙና እርጩ፣ ፀሐይ ሳያደርቀው እንደገና በነጩ ከላይ ወደ ታች አውርዱት። ጨርቅ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋው ሳይወርድ ከጠረጋችሁት ጨርቁ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። አረንጓዴው የሚያስፈልገው ለጎማ መቀመጫው ውስጥ፣ ለቸርኬና ለታችኛው ክፍል ነው። ጎማው ራሱ ላይ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች አትጠጉ፤ በቅርብ የተመታ ጎማ ሊጎዳ፣ በኋላም ሊፈነዳ ይችላል፣ የመጀመሪያው ምልክትም ጎማው ቀለሙን መለወጡ ነው። ራዲያተሩን ከፊት በኃይል የምትመቱ ሰዎች ደግሞ እነዚያ ቀጫጭን ክንፎቹ ከታጠፉ አየር እንደማያልፍ አስቡት። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ቻርጅ እየተደረገ አትጠቡት፣ መሰኪያውም ላይ አትርጩ። (ላቫጆ ላይ ከታጠበ በኋላ «እንዲያብረቀርቅ» ብለው ከሥር ናፍጣ የሚረጩትን እምቢ በሉ፤ ጎማ ነክ ነገር ናፍጣ አይወድም። ይሄ እንኳን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አንዳንዶቻችሁ ያላችሁ ማሽን ባለ ቀለም ጫፍ አይቀበልም፤ ተጠምዞ የሚሰፋና የሚጠብ አንድ ረጅም ዘንግ ነው ያለው። እሱ ላይ ቀዩም ነጩም አንድ ላይ ናቸው፣ ልዩነታቸው ትንሽ ጥምዝታ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ግድግዳ ወይም መሬት ላይ ሞክሩትና ሰፍቶ መውጣቱን አይታችሁ ወደ መኪናው ዙሩ። አረፋ የሚያወጣውን ጠርሙስ ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ፣ ማሽናችሁ ትንሽ ከሆነ ውስጡ ያለችው ቀዳዳ 1.25 ሳይሆን 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኗን ጠይቁ፤ አለበለዚያ የሳሙና ውሃ እንጂ አረፋ አይወጣችሁም።

ማሽኑን ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ጎኑ ላይ ያለውን የባርና የሊትር ጽሑፍ፣ ኖዝሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላላችኋለሁ።