ዓሣውን ማብዛት የሰዉን ግፊያ አልቀነሰውም

በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት በየዓመቱ የአፕሪል ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በጉጉት ይጠበቃል። ገና ሳይነጋ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ረጅም የጎማ ቦቲውን አጥልቆና የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ጅረት ዳር የተሰለፈው ሕዝብ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መንጠቆውን በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይወረውራል። ከዚያች ደቂቃ በፊት የወረወረ ሕግ ተላልፏል። ቦታው በታወቀ ድልድይ ሥር ከሆነ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ነው። የአንዱ ክር ከሌላው ጋር ይጠላለፋል፣ ቀድሞ የመጣና ዘግይቶ የደረሰ ይነታረካል። ይህን ሁሉ ሰው የሚሰበስበው ትራውት የተባለው፣ ቀዝቃዛና ንጹህ ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በስኳር ሰልፍ፣ በነዳጅ ወረፋና በኮንዶሚኒየም ዕጣ የኖረ ሰው ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያውቀውን ጥያቄ አያጣም። መንግሥት አንድን ተፈላጊ ነገር በርካሽ ሲያቀርብ፣ ከሚፈልገው ሰው መሃል ማን እንደሚደርሰው የሚወሰነው በምን ነው? በገንዘብ፣ በወረፋ፣ በዕጣ ወይስ በጉልበት? ፔንሲልቬንያ ለረጅም ጊዜ የሰጠችው መልስ ዓሣውን ማብዛት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የግዛቲቱ የዓሣና ጀልባ ኮሚሽን በማራቢያ ጣቢያዎቹ ያሳደጋቸውን ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ትራውቶች በየዓመቱ በጭነት መኪና እያመላለሰ በተመረጡ ጅረቶችና ሐይቆች ውስጥ ይለቃል። አብዛኞቹ ዓሣ የሚለቀቅባቸው ውኃዎች ከክረምታቸው ማብቂያ ጀምሮ ይዘጉና መኪኖቹ ሥራቸውን ሲያከናውኑ ይሰነብታሉ። ከዚያ የመክፈቻው ዕለት ይመጣል። ፈቃድ የገዛ ሰው በወቅቱ በቀን እስከ አምስት ዓሣ ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሚሽኑ በዚህ ላይ አዲስ ነገር ጨመረ። «ኪይስቶን ሴሌክት» በተባለ ፕሮግራም በስምንት ጅረቶች ላይ ከ14 እስከ 20 ኢንች፣ ማለትም ከ35 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ርዝመት ያላቸውን ትልልቅ ትራውቶች መልቀቅ ጀመረ። መጠኑም በአንድ ማይል ከ175 እስከ 225 ዓሣ እንዲሆን ተደረገ። በጅረት ዓሣ ዓለም ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አጥምዶ የክንድ ያህል ዓሣ ሳይዝ ይቀራልና። ፕሮግራሙ ስለተወደደ የጅረቶቹ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ አድጓል።

ሐሳቡ ያልታሰበበት ነበር ለማለት አይቻልም። በእነዚህ ጅረቶች ላይ በትልና በመሳሰሉት ማጥመድ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማባበያ ብቻ ነው። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የተያዘው ዓሣ ተመልሶ ወደ ውኃው መለቀቅ አለበት። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለሆኑም ሁሉም ሰው ጠብቆ የሚሻማበት የመክፈቻ ሰዓት የላቸውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲታይ አንድ ዓሣ ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ሰዉም በወራት ውስጥ ተከፋፍሎ ይመጣል፣ ግፊያ አይኖርም። ሒሳቡም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል። አንድ ማይል 1,600 ሜትር ያህል ነው፤ 200 ዓሣ ቢለቀቅበት በየስምንት ሜትሩ አንድ ትልቅ ዓሣ ማለት ነው።

ችግሩ ዓሣውም ሰውም በየስምንት ሜትሩ አለመቆማቸው ነው። የጭነት መኪና የሚቆመው መንገድ ባለበት ነው። ዓሣ አጥማጁም የሚደርሰው መኪና ማቆሚያ ባለበት ነው። ሁለቱም ድልድዩ ጋ ይገናኛሉ። ፔንሲልቬንያ ከ80 ሺሕ ማይል በላይ የሚረዝም ወንዝና ጅረት አላት፤ ውኃ አጥታ የተጨናነቀች አገር አይደለችም። መጨናነቁ የሚመጣው ኮሚሽኑ የትኛው ጅረት ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚለቅ አስቀድሞ ስለሚያስታውቅ ነው። የዓሣ መኪናውን ከኋላ እየተከተሉ፣ ውኃው ውስጥ የገባው ዓሣ ገና ግራ እንደተጋባ መንጠቆ የሚወረውሩ ሰዎችም አሉ፤ በአጥማጆቹ ዘንድ የታወቀ፣ ብዙዎችም የሚጠሉት ልማድ ነው። ትልቅ ዓሣ ሲሆን ደግሞ ወሬው ይበልጥ ይሮጣል። ቀድሞ የአካባቢው ሰው ብቻ የሚያውቀው ጅረት በዝርዝር ላይ ስሙ ከወጣ በኋላ ሁለትና ሦስት ሰዓት መኪና ነድቶ የሚመጣ እንግዳ ያስተናግዳል።

ታዲያ ኮሚሽኑ ለምን ዝም ብሎ አይለቅም? እዚህ ላይ የገንዘብ ምንጩን መመልከት ያስፈልጋል። ይህ መሥሪያ ቤት ከግዛቲቱ አጠቃላይ የግብር ገቢ በጀት አይመደብለትም። የሚተዳደረው በዋናነት ከማጥመጃ ፈቃድና ከጀልባ ምዝገባ በሚያገኘው ገቢ፣ እንዲሁም የፌዴራሉ መንግሥት በማጥመጃ ዕቃዎች ላይ ከሚጥለውና እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣ ሕግ መሠረት ለግዛቶች ከሚያከፋፍለው ታክስ ነው። ስለዚህ የፈቃድ ገዢው ቁጥር ከቀነሰ የዓሣ ጠባቂው ደመወዝ ይቀንሳል። በማስታወቂያ የታጀበው የመክፈቻ ዕለትና በፎቶግራፍ የሚያምረው ትልቅ ዓሣ የሽያጭ ሥራ ናቸው። ግፊያው ለአጥማጁ ችግር ቢሆንም ለመሥሪያ ቤቱ ግን ፈቃድ መሸጡን የሚያሳይ ምልክት ነው። አንድ ተቋም ገቢው ከሰው ብዛት ጋር ከታሰረ የሰውን ብዛት ይገድባል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነገሩን በሚገባ እንደሚያውቅ በኮሮና ጊዜ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲነሳ በሺሕ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጠዋት ጅረት ዳር መሰብሰቡ አስፈሪ ሆነ። ያኔ ኮሚሽኑ ያደረገው ቀላል ነገር ነበር። ዓሣ የሚለቀቅባቸውን ቀናት ማስታወቁን አቆመ። ከዚያም ለሚያዝያ አጋማሽ ቀጠሮ ተይዞለት የነበረውን የመክፈቻ ዕለት ትቶ፣ ማክሰኞ አፕሪል 7 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ አስቀድሞ ሳያስታውቅ ወቅቱ ተከፍቷል አለ። ማክሰኞ የሥራ ቀን ነው። ድግስ የለም፣ ቀጠሮ የለም፤ የሰማ ይሄዳል፣ ያልሰማ ሌላ ቀን ይደርሳል። ሰዉን የሚሰበስበው ዓሣው ብቻ ሳይሆን ቀጠሮውም መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። አደጋው ሲያልፍ ግን ቀጠሮው ተመለሰ። ከ2022 ጀምሮም ቀድሞ በደቡብ ምሥራቁና በቀረው የግዛቲቱ ክፍል በተለያየ ቅዳሜ ይደረግ የነበረው መክፈቻ በመላ ግዛቲቱ በአንድ ቀን እንዲሆን ተደረገ። ለአስተዳደር ይመች ይሆናል። ለግፊያ ግን መድኃኒት ነው ለማለት ይከብዳል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወገን የመሬቱ ባለቤት ነው። ከጅረቶቹ ብዙዎቹ የሚያልፉት በግለሰብ እርሻና ጓሮ ውስጥ ነው። ገበሬው ሰው እንዲያልፍ የሚፈቅደው በበጎ ፈቃዱ ነው፤ ከፈቃዱ ክፍያ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። አምስት ሰው ሲመጣ ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፋል። ሃምሳ ሰው ሲመጣ ግን አጥሩ ይሰበራል፣ በሩ ላይ መኪና ይቆማል፣ የትል ቆርቆሮና የፕላስቲክ ክር ሜዳው ላይ ይቀራል። በመጨረሻ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይተክላል። ኮሚሽኑ ደግሞ ለሕዝብ በተዘጋ ቦታ ዓሣ ስለማይለቅ ያ ክፍል ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዚያ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ያ ሁሉ ሰው ወደ ቀረው ክፍል ይሄዳል፣ የሚቀጥለው ገበሬ ይማረራል፣ ሌላ ሰሌዳ ይተከላል። እያንዳንዱ ግፊያ የሚቀጥለውን ግፊያ ይወልዳል። ትልቅ ዓሣ ይህን ሂደት ያፋጥነዋል።

ከባለመሬቶቹ አንዳንዶቹ ሌላ ዘዴ አግኝተዋል። ትልቅ ዓሣ ያለበትን የወንዝ ዳር ለክለብ ማከራየት። በሊትል ጁኒያታ ወንዝ ላይ አንድ የግል ክለብ ዳርቻውን ይዞ ለአባላቱ ብቻ ሲያደርገው የግዛቲቱ መሥሪያ ቤቶች ከስሰው፣ የሐንቲንግደን አውራጃ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ወንዙ ከጥንት ጀምሮ ለመጓጓዣ ያገለገለ በመሆኑ የሕዝብ ነው ሲል ወሰነ። ውሳኔው ለሕዝቡ ትልቅ ድል ነበር። ሆኖም የሠራው ጀልባና ግንድ ለተጓጓዘበት ወንዝ ነው። ትልልቅ ዓሣ የሚለቀቅባቸው ትንንሽ ጅረቶች ብዙዎቹ ጀልባ የሚያስኬዱ አይደሉም።

በእንግሊዝ ጥያቄው ከጅምሩ በገንዘብ ተፈትቷል። በሃምፕሸር በሚፈሱት ቴስትና ኢቺን ወንዞች ላይ የማጥመድ መብት የወንዙ ዳር ባለቤት ነው። ወንዙ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ለቀን ወይም ለወቅት ይሸጣል፤ ትልልቅ ትራውትም ይለቀቅበታል። እዚያ ግፊያ የለም። ከአንድ ክፍል ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚታየው። መምህርና የአውቶቡስ ሾፌር ግን እምብዛም አይታዩም።

«ታዲያ ዓሣ መልቀቁ ራሱ ይቅር» የሚሉ ወገኖችም አሉ። የእነዚህ ምሳሌ ሞንታና ናት። በማዲሰን ወንዝ ላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ጥናት፣ የማራቢያ ዓሣ መልቀቅ ሲቆም በወንዙ የሚወለደው ትራውት እንደሚበዛ አሳየ፤ ግዛቲቱም በ1974 በዱር ትራውት ወንዞቿ ላይ ዓሣ መልቀቅ አቆመች። ለዓሣው የተሻለ ውሳኔ እንደነበር አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሰዉ አልቀነሰም። ወንዞቹ በዓለም ዙሪያ ስም ሲያወጡ የአስጎብኚዎች ጀልባ ሞላባቸው። ሞንታና በቢግ ሆልና በቢቨርሄድ ወንዞች በተወሰኑ ክፍሎች ላይ በተወሰኑ ቀናት አስጎብኚዎችንና የሌላ ግዛት ሰዎችን እስከ መከልከል ደርሳለች። ዓሣው ከጭነት መኪናም ይምጣ ከወንዙ ይወለድ፣ ትልቅ መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ሰው ይከተለዋል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የሞንታናው መንገድ፣ ቀን እየለዩ ለሰው ቁጥር ገደብ ማበጀት፣ ደስ ባይልም ከሌሎቹ የተሻለ ነው። የፔንሲልቬንያ ኮሚሽን በማይል ስንት ዓሣ እንደሚለቅ ወስኗል። በማይል ስንት ሰው ሊቆም እንደሚችል ግን አልወሰነም። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ተሠርቶ ሌላው ለወረፋና ለሰሌዳ ተትቷል። ለትልልቆቹ ዓሣ ጅረቶች ብቻ በዕጣ ወይም በቀጠሮ የሚሰጥ ርካሽ የቀን ፈቃድ ማዘጋጀት፣ ከገቢውም ለመሬቱ ባለቤት አጥር መጠገኛ መክፈል፣ ሰማይ የሚያደፋ ሥራ አይደለም።

ጉዳዩ ወደ እኛም ይደርሳል። ትራውት በባሌ ተራሮች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል። ከኬንያ መጥቶ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ዓሣ እዚያው ተዋልዶ ቀርቷል። እስካሁን ዘንግ ይዞ ወደ ዲንሾ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ2023) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጎብኚ ይበዛል ተብሎም ይጠበቃል። ጎብኚ ሲበዛ «ትልልቅ ዓሣ እንጨምርበት» የሚል ባለሀብት ወይም ባለሥልጣን መምጣቱ አይቀርም። ከመነሻው የውጭ ዝርያ የሆነ ዓሣን በዚህ ፓርክ ውስጥ ማብዛት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ጥያቄ ነው።

የሰዉን ነገር በተመለከተ ግን አንድ ልዩነት አለ። በፔንሲልቬንያ ግፊያውን በመጨረሻ የሚያቆመው የገበሬው ሰሌዳ ነው። የእኛ ገበሬ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት የለውም፤ በወይብ ዳር ከብቱን የሚያሰማራው አርብቶ አደርም የሚተክለው ሰሌዳ የለውም። ስለዚህ ሃምሳ ሰው ቢመጣበት በአዋጅና በፈቃድ ካልተገታ በቀር የሚያስቆምበት መንገድ አያገኝም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በአንድ ወንዝ ዳር በቀን ስንት ሰው ይቁም፣ ከፈቃዱ ገንዘብ ለዳርቻው ነዋሪ ስንት ይድረስ የሚለው የመጀመሪያው የዓሣ መኪና ዲንሾ ከመድረሱ በፊት በመመሪያ ሊጻፍ ይችላል።