ከሞተሩ በፊት ማጠፊያው

አንድ ወጣት በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠራ ሲባል አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ጥያቄው ከመሪ ክፍሎቹ ማለትም ከኤሌሮን፣ ከኤሌቬተርና ከረደር ማጠፊያዎች ሊጀምር ይገባል የሚል ነው።

አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በራሳቸው ጥረት የሠሯት ኬ-570ኤ በ2007 ዓ.ም. ሙከራ ላይ ሳትነሣ የቀረችው የፕሮፔለሩ መያዣ ብረት በመሰበሩ ነበር። ስብራቱ የደረሰው በምድር ላይ ነው። የኤሌቬተር ማጠፊያ በአየር ላይ ቢለቅ ግን ሁለተኛ ሙከራ አይኖርም።

በአርሲ ነገሌም ሆነ በሌላ ከተማ የበር ማጠፊያ ከገበያ ይገኛል። ይሁን እንጂ የተሠራው በዝግታ ለሚከፈት በር እንጂ ለማያቋርጥ ንዝረት አይደለም። ለአውሮፕላን የሚሆኑት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው በመሪ ክፍሉ ርዝመት የሚዘረጋና አንድ ቀጭን ሽቦ የሚያልፍበት ማጠፊያ ነው፤ ጭነትን ያከፋፍላል፤ ነገር ግን ክንፉ ሲታጠፍ እንዳይጨናነቅ በአጫጭር ቁራጮች መከፈል፣ ሽቦውም ተንሸራቶ እንዳይወጣ መታሰር አለበት። ሁለተኛው በተለያዩ ነጥቦች ላይ በብሎንና በኩሽኔታ የሚያያዝ ነው፤ የሚዞረው ብሎን ዳዶው እንዳይፈታ በኮፒሊያ መቆለፍ ይኖርበታል። የማያያዣ ነጥቦቹ ሦስት ቢሆኑ ከሁለት ይሻላል፤ አንዱ ቢሰበር ሁለቱ ይይዛሉና።

ከምርጫው ይልቅ የሚከብደው አገጣጠሙ ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ብስ በፊት ቀጥ ያለ ዘንግ በሁሉም ውስጥ አሳልፎ ማየት ያሻል። ልል ማጠፊያ የመሪ ክፍሉን ያርገበግበዋል፤ መርገብገቡም በሰከንዶች ውስጥ ክንፍ ሊገነጥል ይችላል። አርሲ ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአውሮፕላኑ እውነተኛ ፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው በ10 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ መርገብገብን የሚጠራውም በይበልጥ እውነተኛው ፍጥነት ነው። የስምጥ ሸለቆ አቧራም ከቅባት ጋር ሲደባለቅ ማጠፊያውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። በመሆኑም ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የመሪ ክፍሉን ጫፍ ይዞ መነቅነቅ ግዴታ ነው።

የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎቻችን ለእነዚህ ወጣቶች ጭብጨባ አላነሷቸውም። የሚያንሳቸው የወርክሾፕ በር፣ ትክክለኛ መለኪያና ሥራቸውን በቅንነት የሚመረምር ሁለተኛ ዓይን ነው። የማጠፊያ ምርመራ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከአንድ ሕይወት ጋር ሲመዛዘን ብዙ አይደለም።